ሜታይሌሽን በድንችና በክብሪት፦ ሐዋሳ ያገኘሁት የማታ ቲቶሪያል

"ሜታይሌሽን" የሚለውን ቃል ሁለት ዓመት ሙሉ ሸምድጄው ነበር እንጂ ገብቶኝ አያውቅም። የገባኝ ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ፣ ፎቅ ላይ ባለች ጠባብ የማታ ቲቶሪያል ክፍል ውስጥ ነው።

መምህሩ በፌስታል ድንችና ክብሪት ይዞ መጣ። ትልቁ ድንች ካርቦን፣ ትንንሾቹ ሃይድሮጅን። አንድ ካርቦን ከሦስት ሃይድሮጅን ጋር፤ ሜታይል ማለት ይቺው ናት። ከሌላ ሞለኪውል ላይ አንድ ሃይድሮጅን ነቀለና በቦታው ሰካት። "በቃ፣ ሜታይሌሽን ይሄ ነው" አለን።

ከዚያ ወደ ዘረመል ገባን። ዲኤንኤ (የዘር መረጃችን የተጻፈበት ሞለኪውል) ላይ ሜታይል በብዛት የምትለጠፈው ሳይቶሲን በሚባለው ፊደሉ ላይ ነው፤ በእኛ በሰዎች በተለይ ጉዋኒን የሚባለው ፊደል ሲከተለው። ፊደሉ አይቀየርም። ግን የአንድ ጂን መነሻ ላይ ሜታይል ስትበዛ፣ ጂኑ አብዛኛውን ጊዜ ዝም ይላል፤ ማለትም አይሠራም።

ንቦቹን ሲያነሳማ ክፍሉ ጸጥ አለ። ንግሥቷም ሠራተኛዋም ከአንድ ዓይነት እጭ ነው የሚነሱት፤ የሚለያያቸው አመጋገባቸው ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት ሜታይል የሚለጥፈውን ኢንዛይም በእጮቹ ላይ ሲቀንሱት፣ ብዙዎቹ ንግሥት ሆነው አደጉ። አያቴ ቀፎ አላቸው። የዚያኑ ማታ ደውዬ ነገርኳቸው።

ቅር ያለኝ ፎሌትና ቢ12 የሚባሉት ቫይታሚኖች ላይ ነው። ሜታይል በማቅረብ ትልቅ ድርሻ አላቸው፤ መምህሩ ግን በአምስት ደቂቃ ጨረሰው። እኔ ነርስ ነኝ፣ ለእኔ ዋናው እሱ ነበር። ክፍሉም ይሞቃል።

የከፈልኩት ግን አይቆጨኝም። ከሄዳችሁ ቀደም ብላችሁ ፊት ተቀመጡ፤ ከኋላ ድንቹ አይታይም።