ብሉሬይ ገዝቼ ስምንት ወር፦ እማዬን ባሕር ያሳያት ግን ሌላው ዴክ ነው

የገና ዕለት ማታ ነው። ዶሮው ተበልቶ ቡናው ቶና ላይ ደርሷል። እማዬ ነጠላዋን አጣፍታ ቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት ተቀምጣለች። እህቴ ከሜሪላንድ የላከችውን ዲስክ ከነፕላስቲኩ አምጥቼ እዚያው ፊቷ ቀደድኩት። አዲሱ ብሉሬይ (ከዲቪዲ ቀጥሎ የመጣው ዲስክ ነው) ማጫወቻ ውስጥ ከተትኩት። ዲስኩ ሲሽከረከር ተሰማ። ከዚያ ስክሪኑ ጠቆረና አንድ መስመር ጽሑፍ መጣ። ዲስኩ በዚህ ክልል መጫወት አይችልም ይላል።

አወጣሁት። በለስላሳ ጨርቅ ጠረግኩት። መልሼ ከተትኩት። ያው ነው። ማጫወቻውን ከሶኬት ነቅዬ፣ ትንሽ አቆይቼ፣ እንደገና ሰካሁት። ያው ነው። እማዬ «ተጭሮ ይሆን?» አለችኝ። አንድ ጭረት የለበትም። ምን ብዬ ላስረዳት? ልጅሽ የላከችልሽ ዲስክ እዚህ እንዳይከፈት ተቆልፎ ነው የተሠራው ይባላል?

ማጫወቻውን የገዛሁት ኅዳር ላይ ነው። አሁን ሐምሌ ገብቷል። ስለዚህ ዕቃ የምለው ሁሉ ከዚያ ማታ ጋር የተያያዘ ነው፣ አልደብቅም።

እማዬ ዘጌ ነው ተወልዳ ያደገችው፣ ቡናው መሀል። ልጅ ሆና ቅዳሜ ቅዳሜ ከአባቷ ጋር በታንኳ ባሕር ዳር ገበያ ትመጣ ነበር። ለእሷ ባሕር ማለት ጣና ነው። ለእኛም እንደዚያው ነው፣ የከተማችን ስም ራሱ ከዚያ የመጣ ነው። እህቴ አሜሪካ ከሄደች ወዲህ ግን በስልክ አንድ ጥያቄ አትለቃትም። «እናንተ ጋ ያለው ባሕር ከጣና ይበልጣል?» እህቴ በቃል ማስረዳት ሲያቅታት ስለ ውቅያኖስ የተሠራ ዘጋቢ ፊልም በብሉሬይ ገዛችላት። ከሌሎች ዐሥር ዲስኮች ጋር በሰው ላከችው። እኔም ዲስኮቹ እየመጡ ነው ሲባል የአንድ ወር ደሞዜን የሚጠጋ ብር ይዤ ሱቅ ሄድኩ።

ሻጩን ለይቼ ጠይቄዋለሁ። «ከአሜሪካ የሚመጣ ዲስክ ያጫውታል?» አልኩት። «ወንድሜ፣ ብሉሬይ ብሉሬይ ነው። ሁሉን ያጫውታል። ኦሪጅናል የዱባይ ዕቃ ነው» አለኝ። ልጁ ዋሸኝ አልልም። ያላወቀውን ነው የነገረኝ። ግን «ሁሉን» ያላትን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብሉሬይ ዓለምን ሦስት ቦታ ይከፍላታል። «ኤ» የሚባለው አሜሪካን፣ ጃፓንን፣ ኮሪያን ይይዛል። «ቢ» አውሮፓን፣ መካከለኛው ምሥራቅን፣ አውስትራሊያንና እኛን ነው። «ሲ» ደግሞ ቻይናን፣ ህንድንና ሩሲያን። ከዱባይ የመጣ ማጫወቻ «ቢ» ነው። ከሜሪላንድ የመጣ ዲስክ «ኤ» ነው። በዲስኩ ሽፋን ጀርባ፣ ታች ጥጉ ላይ፣ ባለስድስት ጎን ትንሽ ምልክት አለች። ፊደሏ እዚያ ውስጥ ተጽፋለች። የጥፍር ያህል እንኳ አትሆንም። እኔ ያየኋት ከገና ማግስት ነው፣ መስኮት ስር ቆሜ።

ፊልሙን የሚያወጣው ድርጅት ከፈለገ ቁልፉን መተው ይችላል። ለዚህ ነው ከ11ዱ ዲስኮች አራቱ የተከፈቱልን። ሰባቱ እምቢ አሉ። የእማዬ ውቅያኖስ ከሰባቱ ውስጥ ነው።

ጥገና ቤትም ወስጄዋለሁ። ባለሙያው የሪሞቱን ቁጥሮች ነካክቶ የዲቪዲውን ክልል ከፈተልኝ። የብሉሬዩን ግን ሞክሮ አልሆነለትም። ዲቪዲ ላይም ይሄ ክልል የሚሉት ነገር ነበር ለካ። እንዲያውም በዲቪዲ ከህንድና ከሩሲያ ጋር 5ኛ ክልል ውስጥ ነበርን። በብሉሬይ ወደ አውሮፓ ተዛወርን ማለት ነው። ማንም ሳይነግረን። ያኔ ያልታወቀን እዚህ የሚሸጡት ርካሽ የዲቪዲ ማጫወቻዎች ቁልፉን ከቁም ነገር ስለማይቆጥሩት ነው። ያገኘነውን ሁሉ እንከታለን፣ ይከፈታል። በቪሲዲ ጊዜ ደግሞ ከዚያም የቀለለ ነበር። አንዱ የአማርኛ ፊልም በሁለት ሲዲ ይመጣል፣ ልቡ ላይ ሲደርስ ተነስቶ «ሲዲ ሁለት» መክተት ብቻ ነው። የማንም ቤት ዴክ የማንንም ቤት ሲዲ ያነባል። ጎረቤት ከጎረቤት ይዋዋሳል።

የቀረውን በአጭሩ ልለፈው። ማጫወቻው አልተበላሸም። ዲቪዲ ያነባል፣ ፍላሽ ይቀበላል፣ የሰርጋችንን ዲቪዲ ከበፊቱ በተሻለ ጥራት ያሳያል። የተከፈቱት አራት ዲስኮች ምስላቸው ያምራል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ለፋሲካ የአጎቴ ልጅ ከአሜሪካ መጣ። ሻንጣው ውስጥ አንድ ከባድ ጥቁር ማጫወቻ ይዟል። ምድር ቤቱ ውስጥ ለዓመታት ተቀምጦ የነበረ ነው። ኤችዲ ዲቪዲ ይባላል። አብረውት ዘጠኝ ዲስኮች አሉ፣ ሽፋናቸው ቀይ። «ይሄ የተሸነፈው ነው፣ ከተጠቀምክበት ውሰደው» አለኝ።

ታሪኩን ለማያስታውስ ሰው ላስታውስ። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው። ከዲቪዲ ቀጥሎ የሚመጣው ዲስክ የትኛው ይሁን ተብሎ ሁለት ጎራ ተሰልፎ ነበር። በአንድ በኩል ሶኒና አጋሮቹ ብሉሬይን ይዘው፣ በሌላ በኩል ቶሺባና አጋሮቹ ኤችዲ ዲቪዲን ይዘው። የሚገርመው ሁለቱም የሚያነቡት በአንድ ዓይነት ብርሃን ነው፣ 405 ናኖሜትር በሆነ ሰማያዊ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ሌዘር። የዲቪዲው ቀይ ሌዘር 650 ነበር። ብርሃኑ ሲቀጥን ነጥቦቹም ይቀጥናሉ፣ ዲስኩ ላይ ብዙ ይጻፋል።

ልዩነቱ ጥልቀቱ ላይ ነው። ብሉሬይ መረጃውን ከዲስኩ ፊት 0.1 ሚሊ ሜትር ብቻ ዝቅ አድርጎ ያስቀምጠዋል። ኤችዲ ዲቪዲ ልክ እንደ ዲቪዲ 0.6 ሚሊ ሜትር ላይ። ወደ ፊቱ የቀረበው ብዙ ይይዛል፣ በአንድ ንጣፍ 25 ጊጋባይት፣ በሁለት 50። ኤችዲ ዲቪዲ 15 እና 30 ነው። በሌላ በኩል ኤችዲ ዲቪዲን የድሮውን የዲቪዲ ማምረቻ ብዙም ሳይለውጡ ማተም ይቻል ነበር። በ2006 አሜሪካ ገበያ ላይ ቀድሞ የወጣውም እሱ ነው፣ በ499 ዶላር። ከወራት በኋላ የወጣው የመጀመሪያው ብሉሬይ ማጫወቻ 1,000 ዶላር ነበር።

ታዲያ እንዴት ተሸነፈ? በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ሶኒ ብሉሬዩን ፕሌይስቴሽን 3 ውስጥ ከተተው። ጌም የገዛ ሁሉ ብሉሬይ ገዛ ማለት ነው። ከዚያ በጃንዋሪ 2008 ትልቁ የፊልም ድርጅት ዋርነር ፊልሞቼን በብሉሬይ ብቻ አወጣለሁ አለ። ትልልቆቹ ሱቆች ተከተሉት። ቶሺባ ፌብሩዋሪ 19 ቀን ማምረቱን ማቆሙን አስታወቀ። ከዋርነር ውሳኔ ሰባት ሳምንት እንኳ አልሞላም። በቪዲዮ ካሴት ዘመን ቤታማክስ የተባለው ካሴቱ በቪኤችኤስ የተሸነፈበት ሶኒ በዚህኛው ዙር አሸነፈ።

ኤችዲ ዲቪዲ የሞተው ግን የክልል ቁልፍ ሳይገባበት ነው። ይሄንን ያወቅኩት ዲስክ ከትቼ ነው።

ማጫወቻው የ110 ቮልት ነው። በቀጥታ ሶኬታችን ላይ ቢሰካ ያኔውኑ ይቃጠል ነበር። ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ፈልጌ ገዛሁ። እንደ ብረት ምጣድ ይከብዳል፣ ሲሠራም እንደ ንብ ያጉረመርማል። ማጫወቻው ራሱ ለመነሳት አንድ ደቂቃ ገደማ ይፈጅበታል። ስታበራው አንዲት መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች፣ ትሪው አይወጣም፣ አንተም ቆመህ ትጠብቃለህ። በክረምቱ መብራት ሲሄድና ሲመጣ ይሄ ያሰለቻል።

ከዘጠኙ ዲስኮች አንዱ ስለ ባሕር ነበር። የእህቴ ዲስክ አይደለም፣ ሌላ ነው። የፋሲካ ማግስት ከተትኩት። እጄ ሪሞቱ ላይ ነው፣ ያንን ጥቁር ስክሪን እየጠበቅኩ ነው። አልመጣም። ውሃ መጣ። እማዬ ስኒውን እንደያዘች ቀረች።

ካሜራው ከላይ ነው የሚያሳየው። ውሃ ብቻ። ይሄዳል፣ ይሄዳል፣ አያልቅም። ጣና ላይ እስከ ደቅ ደሴት ድረስ ስትሄድ እንኳ ዞር ብትል ዛፍ ይታይሃል፣ ተራራ ይታይሃል። እዚህ ምንም የለም። እማዬ ብዙ ቆይታ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ዳሩ የታለ?» አለች።

መልስ አልነበረኝም። ከዚያ ካሜራው ወደ ታች ጠለቀ። ጣና ጥልቅ የሚባለው ቦታው ከ15 ሜትር አይበልጥም። ይሄኛው ብርሃን እስኪጠፋ ይወርዳል። ዓሣ ነባሪ ከነልጇ አለፈች። እማዬ አማተበች። ፊልሙ እስኪያልቅ አልተነሳችም፣ ቡናውም እዚያው በረደ።

እና አሁን ሻጩ ፊቴ ቆሞ እንዲህ ቢለኝ፦ «ብሉሬይ 50 ጊጋ ይይዛል፣ ያ ግን 30 ነው።» እሺ። 50 ጊጋው ካልተከፈተ ለእማዬ ዜሮ ነው። «ያኛው ሞቷል፣ አዲስ ዲስክ አይወጣለትም።» አውቃለሁ። ከ2008 ወዲህ አይመረትም፣ ሌንሱ ከሞተ መለወጫ የት አገኛለሁ? ከዘጠኙ ዲስኮችም አንዱ መሀሉ ላይ ሲደርስ ቀጥ ይላል። ቢሆንም ዘጠኙም ሲገቡ የት ነህ ብለው አልጠየቁኝም። «ታዲያ ከኢንተርኔት አታይም?» የሚለኝም አይጠፋም። ኢንተርኔት ለወራት ጠፍቶብን አይደል እንዴ የቆየነው? ኖሮም ቢሆን ለአንድ እንዲህ ያለ ፊልም የሚበቃ ፓኬጅ በየሳምንቱ አልገዛም። ዲስክ የምወደው ቤቴ ውስጥ ስለሚቀመጥ ነው። የገዛኸው የአንተ ነው የሚባልለት ዕቃ እሱ ነበር።

የሚያንገበግበኝም ይሄ ነው። እህቴ በደሞዟ ገዝታዋለች። እኔ በደሞዜ ገዝቻለሁ። ዲስኩም ትክክለኛ፣ ማጫወቻውም ትክክለኛ። ኮፒ አላደረግን፣ አልሰረቅን። ኮፒ የሚሸጠው ሰው ዲስክ ይከፈታል፣ የእኛ ኦሪጅናል ይቆለፋል። ይሄንን ማንም በምንም መንገድ ትክክል ነው ብሎ ሊያሳምነኝ አይችልም።

ግዛ ወይስ አትግዛ ለሚለኝ፦ ዘመዶችህ አውሮፓ ከሆኑ ግዛ፣ አትቸገርም። አሜሪካ ከሆኑ ግን ከዱባይ የመጣውን አትግዛ። ወይም ዲስኩ ከመገዛቱ በፊት ያችን ፊደል ያዩልህ። «ቢ» ያለበት ወይም ሦስቱም ፊደሎች ያሉበት ይሁን። ባለ 4ኬ (ከተራው ጥራቱ ከፍ ያለው) ብሉሬይ ፊልም ክልል የለውም፣ እሱ ግን የራሱን ማጫወቻ ይፈልጋል። እኔ የኅዳሩን ብር ባገኘው መልሼ እወስደው ነበር። ስለዚያች የገና ማታ ሳስብ ነው እንዲህ የምለው። የሰርጋችንን ዲቪዲ ሳይ ደግሞ ትንሽ እለዝባለሁ።

እማዬ ግን አሁንም የእህቴን ዲስክ ትጠይቃለች። «ያየነውስ ደስ ይላል፣ ልጄ የላከችው ግን ያ ነው» ትላለች። ከቴሌቪዥኑ አጠገብ፣ ከመጽሐፍ ቅዱሷ በላይ አስቀምጣዋለች።

ባሕር ዳር ውስጥ ከአሜሪካ የመጣ፣ «ኤ» የሚያነብ ብሉሬይ ማጫወቻ ያላችሁ ሰዎች ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ። እኔ ሽምብጥ ሰፈር ነኝ። ሰባቱንም ዲስክ አውሳችኋለሁ። አንዱን ብቻ ቤታችሁ መጥተን፣ እማዬን ይዤ፣ አብረን እንድናይ ፍቀዱልን። ቡናውን እኛ እናመጣለን፣ የዘጌ ቡና ነው።