ከአልጋ አጠገብ ስምንት ቀን፦ የአንድ ሆስፒታል የተኝቶ ሕክምናና የመንፈሳዊ ድጋፍ አገልግሎት

እናቴ ዳሌዋ ተሰብሮ ቀዶ ጥገና በተደረገላት ሆስፒታል ስምንት ቀን አስታምሜያታለሁ። የተቋሙን ስም አልጠቅስም። የምመዝነው ለሕመምተኞች ደኅንነት የሚያደርገውን ጥንቃቄና ራሱ የሚያቀርበውን የመንፈሳዊ ድጋፍ አገልግሎት ነው፤ ሁለቱ የማይገናኙ ቢመስሉም በአራተኛው ሌሊት ሲገናኙ አይቻለሁ።

በቀዶ ጥገናው በኩል የምነቅፈው የለኝም። ሰመመን ከመስጠታቸው በፊት ስሟንና የተሰበረው የትኛው ወገን እንደሆነ ከራሷ አንደበት ጠይቀው ቦታውን በቀለም ምልክት አድርገውበታል። እሷ «እስካሁን አያውቁትም ማለት ነው?» ብላ ደነገጠች፤ ጥያቄው ግን የዓለም ጤና ድርጅት ባዘጋጀው ባለ 19 ነጥብ የቀዶ ጥገና ደኅንነት ማረጋገጫ ቅጽ ውስጥ ያለ ነው። ቅጹ በስምንት ሆስፒታሎች ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመው ጥናት የሞት መጠን ከ1.5 ወደ 0.8 በመቶ ወርዶ ተገኝቷል።

ድክመቱ የታየው መኝታ ክፍል ውስጥ ነው። የእጅ ማጽጃው አልኮል በየአልጋው ግርጌ ተሰቅሏል፤ ሌሊት ግን ብዙ አልጋ ብቻዋን የምትሸፍነው ተረኛ ነርስ እጇን ሳታጸዳ ከአንዱ ሕመምተኛ ወደ ሌላው ስታልፍ አይቻለሁ። ማጽዳቱ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ብቻ የሚፈጅ ነው። ሐኪሙ ሴሜልቫይስ እ.ኤ.አ. በ1847 በቪየና ሐኪሞች እጃቸውን በክሎሪን ውሃ እንዲታጠቡ በማድረጉ ብቻ የወላዶች ሞት ምን ያህል እንዳሽቆለቆለ የሚያውቅ ሰው ይህን ጥቃቅን ጉድለት ብሎ ሊያልፈው አይችልም።

መንፈሳዊ አማካሪው የመጣው በሦስተኛው ቀን ነው። በመጀመሪያ መምጣቱን ትፈልገው እንደሆነ ጠየቀ፤ ከዚያም ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ስብከት ጠብቄ ነበር። እሱ ግን «ከሁሉ የሚያስፈራዎት ምንድን ነው?» አላት፤ እሷም ሞትን ሳይሆን ነዝናዛ መባልን እንደምትፈራ ነገረችው። አብሯት አጭር ጸሎት ካደረገ በኋላ «ሕይወትዎ አደራ ነው፤ አደራ ያለበት ሰው ደግሞ ቢጠይቅ አይነቀፍም» ብሏት ሄደ።

በማግስቱ ሌሊት ነርሷ መርፌ ይዛ ስትመጣ እኔ ዝም አልኩ፤ እናቴ ግን «ልጄ፣ ይህ መድኃኒት ምንድን ነው? ፔኒሲሊን አይስማማኝም» አለች። ነርሷ ካርዱንና የእጅ መለያውን አስተያይታ መድኃኒቱ ለጎረቤት አልጋ የታዘዘ የፔኒሲሊን ዓይነት መሆኑን አረጋገጠች፤ አመስግናም መለሰችው። መለያውን አስቀድማ አይታው ቢሆን ኖሮ ጥያቄው ባላስፈለገ ነበር።

አማኝ ነኝ፤ ሆኖም ጸሎትን በመድኃኒት ቦታ የሚተኩትን አልደግፍም። እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመው የአሜሪካ ጥናት፣ ከ1,802 የልብ ቀዶ ጥገና ሕመምተኞች መካከል እንደሚጸለይላቸው እርግጠኛ ካልሆኑት ውስጥ የተጸለየላቸው 52፣ ያልተጸለየላቸው 51 በመቶ የጤና እክል ገጥሟቸዋል፤ እንደሚጸለይላቸው የተነገራቸው ደግሞ 59 በመቶ። ይህ ለእኔ ጸሎት ከንቱ ነው ማለት አይደለም፤ እንደ ክኒን ታዝዞ ውጤቱ የሚቆጠር ነገር አይደለም ማለት ነው። በዚያው ክፍል አንድ ጠያቂ «ሆስፒታል ራሱ ይገድላል» እያለ ዘመዱን መድኃኒት እንዲያቋርጥ ሲመክር ሰምቻለሁ። የሆስፒታል አደጋ እውነት ነው፤ ነገር ግን ስብራት ያለ ሕክምና ተኝቶ ሲቆይ የሚያስከትለው የደም መርጋትና የአልጋ ቁስል እንዲሁ እውነት ነው። ይኸው ሰው እጁን ሳያጸዳ አልጋ ላልጋ እየዞረ ሕመምተኞችን እየዳሰሰ ሲጸልይ የከለከለው ሠራተኛ አልነበረም፤ ሆስፒታሉን በዚህ አጥብቄ እወቅሰዋለሁ።

አማካሪው ቀን ቀን ብቻ መገኘቱም ሌላው ጉድለት ነው፤ ፍርሃት የሚበረታው ሌሊት ነውና። ያም ሆኖ አገልግሎቱን ለሚያስታምም ሰው ሁሉ ጠይቁ እላለሁ። ስንወጣ የተሰጠን የአስተያየት ቅጽ ስለ መስተንግዶና ስለ ንጽሕና ይጠይቃል እንጂ የመድኃኒት ስህተት የሚጻፍበት ቦታ አልነበረውም፤ እናቴ ገልብጣ በጀርባው ጻፈችው።