የማሾ ዘፈኖች ያለ ኮርድ፦ ስለወሰድኩት የኦንላይን ኮርስ

የስድስት ሳምንት የኦንላይን ኮርስ ሰሞኑን ጨረስኩ። የ14ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊ የዜማ ደራሲ ጊዮም ደ ማሾ የጻፋቸውን የፍቅር ዘፈኖች ሃርመኒና ካውንተርፖይንት፣ ማለትም ድምፆች አብረው ሲሰሙ እንዴት እንደሚስማሙና ዜማዎች ጎን ለጎን እንዴት እንደሚሄዱ፣ የሚተነትን ነው። በጣም ወድጄዋለሁ፣ አንድ ያናደደኝ ነገር ግን አለ።

ኪቦርድ ተጫዋች ነኝ። ኖታ ሳይ እጄ ወዲያው ኮርድ፣ በአንዴ የሚመቱ ድምፆችን፣ ይፈልጋል። አስተማሪዋ ግን ገና በመጀመሪያው ቀን ኮርድ የሚለውን ቃል ከለከለችን። ሁለት ድምፅ ብቻ ስሙ አለች፤ ግጥሙን የሚዘፍነውን ካንቱስና ከስር የሚሄደውን ቴኖር። ማጫወቻው ላይ ሦስተኛውን ድምፅ፣ ኮንትራቴኖሩን፣ ማጥፋት ይቻላል። አጠፋሁት። ዘፈኑ አልፈረሰም! እኛ በአንድ ዜማ ያደግን ሰዎች፣ ቅዳሴም ማሲንቆም የለመደ ጆሮ ያለን፣ እዚህ ላይ የምንጠቀም ይመስለኛል፤ እያንዳንዱን ድምፅ ራሱን እንደቻለ ዜማ መከተል አይከብደንም።

ሦስተኛው ሳምንት ለብቻው ገንዘቡን ያወጣል። ስለ ማሳረጊያው፣ ዜማው ስለሚያርፍበት ቦታ፣ ነው። ቴኖሩ ከሚ ወደ ሬ ይወርዳል፣ ካንቱሱ ከዶ ሻርፕ ወደ ሬ ይወጣል፣ ኮንትራቴኖሩም ከሶል ሻርፕ ወደ ላ፤ በቴኖሩና በካንቱሱ መካከል የነበረው የስድስተኛ ርቀት ኦክታቭ ሆነ፣ በቴኖሩና በኮንትራቴኖሩ መካከል የነበረው የሦስተኛ ርቀት አምስተኛ ሆነ፣ ሁለት ድምፅ በአንዴ በግማሽ ቶን ሽቅብ ሲገፋ ጆሮ ጭንቅ ይለዋል፣ ከዚያ እፎይ። ማረፊያው ላይ ሦስተኛ የሚባል የለም። ለዚያ ዘመን ሙዚቀኞች ሦስተኛ መንገድ ላይ ያለ ድምፅ ነው እንጂ ቤት አይደለም። ኪቦርዴ ላይ ስሞክረው ብዙም አልታወቀኝም። ዘፋኞቹ በፓይታጎረስ ቅኝት፣ በንጹሕ አምስተኛዎች ላይ በተመሠረተው የጥንት ቅኝት፣ ሲዘፍኑት ግን ትልቁ ሦስተኛ ሰፋ ስለሚል ይሻክራል፣ እና ለምን እንደሚሸሹት ያኔ ገባኝ።

አዝማች የሚመላለስበት የዘፈን ቅርጽ፣ የሮንዶው፣ አደረጃጀት በአሥር ደቂቃ ታልፏል፤ ያሳዝናል፣ ምክንያቱም አዝማቹ ሲመላለስ ያው ማሳረጊያ በየጊዜው ሌላ ስሜት ይሰጣል።

ያናደደኝ የኖታው ፒዲኤፍ ነው። በጥንቱ ብራና ላይ ብዙው ሻርፕ አልተጻፈም፤ ዘፋኙ ደንቡን አውቆ ራሱ ይጨምር ነበር። ስለዚህ ዛሬ ኖታውን የሚያዘጋጅ ሰው የራሱን ጭማሪ ከኖታው በላይ ለይቶ ያስቀምጣል። እነሱ የሰጡን ላይ ግን ሁሉም ተደባልቋል። የቱ የብራናው፣ የቱ የአዘጋጁ እንደሆነ ሳታውቅ ምን ትተነትናለህ? ጽፌላቸው መልስ የመጣው ኮርሱ ካለቀ በኋላ ነው።

ኖታ ለማያነብ ሰው አልመክረውም። የምታነቡ ግን ግቡበት፣ ብቻ ጭማሪዎቹ በደንብ የተለዩበት የታተመ ኖታ ከሌላ ቦታ ፈልጋችሁ ያዙ።