በ7,800 ብር ሐረርን ከመስኮት አይተን ተመለስን፤ አዳማ ያላችሁ ሳትከፍሉ ይህን አንብቡ

ወገን፣ በተለይ አዳማ ያላችሁ፣ ይህን የምጽፈው ባለፈው ቅዳሜና እሁድ እኛ ላይ የደረሰው ሌላ ሰው ላይ እንዳይደርስ ነው። ቴሌግራም ላይ «ሐረርና ኩሉቢ፣ 2 ቀን፣ ሁሉም ተካቷል፣ 7,800 ብር ብቻ» የሚል ማስታወቂያ ሲዞር አይታችሁ ይሆናል። የአዘጋጆቹን ስም አልጠራም፤ ጉዳዩ ገና አላለቀም። ስሙ ነገ ሊቀየር ይችላል፣ አሠራሩ ግን ያው ነው። እሱን ካወቃችሁ ይበቃችኋል።

የሄድነው ሦስት ሆነን ነው። እኔ፣ እናቴ እና ጎረቤታችን እትዬ። እናቴ የኩሉቢ ገብርኤል ስለት አለባት። ወንድሜ ዓምና ታሞ የተኛ ጊዜ «ይህን ልጅ አስነሳልኝ እንጂ ጃንጥላ አገባልሃለሁ» ብላ ተሳለች፣ ልጁም ተነሳ። ታኅሣሥ 19 ለንግሡ እንዳትሄድ ጉልበቷ ግፊያውን አይችልም። ስለዚህ ሰው በማይበዛበት ጊዜ እንሂድ ተባባልን። እትዬ ደግሞ ሙስሊም ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን «ሐረር ጃሚዕ መስጊድ ሰግጄ፣ የኤሚር ኑርን መቃብር ዘይሬ» ሲሉ ነው የማውቃቸው። አንድ መኪና ሁለቱንም እናቶች ያደርሳል ሲባል ደስ ብሎኝ የሦስታችንንም 23,400 ብር በአንዴ ላክሁ። ወደ ግለሰብ አካውንት ነው የላክሁት። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ።

ማስታወቂያው ራሱ ይናገር ነበር፣ ልብ ብሎ ላየው። ፎቶው ላይ የራስ መኮንን የፈረስ ሐውልት አለ። ያ ሐውልት ሰኔ 2012 ዓ.ም. ላይ ፈርሷል። ይህ ማለት ሰዎቹ ፎቶውን ከሆነ ቦታ አንስተው ለጠፉት እንጂ በቅርብ ሐረር ሄደው አላነሱትም። ፎቶውን ያየሁት ከመክፈሌ በፊት ነው፣ ነገሩ የገባኝ ግን ከተመለስን በኋላ ነው።

«ከሌሊቱ 9 ሰዓት እንነሳለን» ስለተባለ እናቴ ሌሊቱን አልተኛችም። 8 ሰዓት ተኩል ላይ መነሻው ቦታ ደረስን። ኮስተሩ የመጣው 11 ሰዓት ላይ ነው። ከዚያ ደግሞ ወንበር አልሞላም ተብሎ ከተማውን ሲዞር፣ መናኸሪያ አካባቢ ሰው ሲጠራ ቆይቶ ከአዳማ የወጣነው ጠዋት 2 ሰዓት ላይ። ጉዞው ያን ጊዜ ነው የተበላሸው። ከአዳማ ሐረር ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ወለንጪቲን፣ መተሐራን፣ አዋሽን፣ ሚኤሶን አልፋችሁ አሰበ ተፈሪ ከደረሳችሁ በኋላ የጨርጨር ተራሮች ይጀምራሉ፤ መንገዱ ጥምዝምዝ ነው፣ ሹፌር ቢቸኩል መኪናው አይቸኩልም። አምስት ሰዓት የዘገየ መኪና እዚያ ላይ የሚያካክሰው ነገር የለም።

ጨለንቆን ስናልፍ አንድ ቃል የተናገረ ሰው አልነበረም። ዳግማዊ ምኒልክ ጥር 1879 ዓ.ም. ላይ ኤሚር አብዱላሂን ድል ያደረጉት፣ የሐረር የራሷ መንግሥትነት ያበቃው እዚያ ነው። «አስጎብኚ» የተባለው ልጅ የጆሮ ማዳመጫ ሰክቶ ተኝቷል። በኋላ ስንጠይቀው የሹፌሩ ረዳት ነው፣ ሐረርን ሲያይ ይህ ሁለተኛው።

ከጨለንቆ ቀጥሎ ኩሉቢ ነው። በፕሮግራሙ መሠረት ጠዋት ቆመን፣ ተሳልመን፣ ስለት አግብተን ወደ ሐረር መቀጠል ነበረብን። አሁን ግን ቀኑ ሄዷል። አዘጋጁ ዞር ብሎ «እማማ፣ በመልስ ነው የምንገባው፣ ነገ ሰፊ ጊዜ አለ» አላት። እናቴ ጃንጥላውን አቅፋ ነበር። ቀይ ከፋይ ነው፣ ዘርፉ ወርቃማ፣ እንዳይቆሽሽ በነጠላ ጠቅልላዋለች። ሰው ዕቃ መጫኛው ላይ እናድርግልዎ ሲላት እምቢ ብላ ከአዳማ ጀምሮ ከጉልበቷ አላወረደችውም። «እሺ ልጄ፣ ነገ» አለች።

ሐረር የገባነው 11 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ማስታወቂያው «በጀጎል ውስጥ በሐረሪ ባህላዊ ቤት ማደሪያ» ይል ነበር። ያደርነው ከጀጎል ግንብ ውጭ፣ ዋናው መንገድ ላይ ያለ ፔንሲዮን ውስጥ ነው። ለሦስት ሰው ሁለት አልጋ፣ ውሃ በጀሪካን። እኔ ወለሉ ላይ ተኛሁ፣ ይህ ግድ የለም፣ ይታለፋል። ማታ የጅብ ምገባ ለማየት ለሰው 200 ብር ተጨማሪ ክፈሉ ተባልን። ሁሉም ተካቷል አላላችሁም ስንል «መግቢያ አልተካተተም» ሆነ መልሱ።

እሁድ ጠዋት ሙሉውን ጀጎልን እናያለን ብለን 1 ሰዓት ላይ ተዘጋጅተን ቁጭ። ኮስተሩ የለም። የመጣው 4 ሰዓት ተኩል ላይ ነው፣ የኋላው ወንበርና የእግር መንገዱ በብርድ ልብስና በልብስ ጥቅል ተሞልቶ። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የተገለጠልኝ። ጉዞው የእኛ አይደለም። ሰዎቹ ዕቃ ለማምጣት ይሄዳሉ፣ የነዳጁን እኛ እንከፍላለን። ለዚህ ነው መነሻም መመለሻም ሰዓት የማይከበረው፤ ሰዓቱ የሚቆረጠው በገበያው ነው።

ለጀጎል የተሰጠን ጊዜ አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ነው። ጀጎል ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ በሚሆን ግንብ የታጠረ፣ ውስጡ ከ300 በላይ ቀጫጭን መንገድ ያለው ከተማ ነው። ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘግበው 82 መስጊዶችና 102 የቅዱሳን መካናት እንዳሉት ቆጥሯል፤ ከመስጊዶቹ ሦስቱ የ10ኛው ክፍለ ዘመን ናቸው። ይህን በሰዓት ከሃያ ለማየት መሮጥ እንኳ አይበቃም። «አስጎብኚያችን» ደግሞ ስድስቱም በሮች ጥንታዊ ናቸው አለን። የጥንቶቹ አምስት ናቸው፦ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በር፣ ፈላና በር። ስድስተኛው ለመኪና መንገድ ሲባል በኋላ የተከፈተ ነው። ባለ መስታወቱን ትልቅ ቤት ደግሞ «ፈረንሳዊው ገጣሚ ራምቦ ያሠራው» ብሎ አሳየን፣ ከውጭ። ራምቦ በ1873 ዓ.ም. ለንግድ ሐረር መግባቱ እውነት ነው፣ ያ ቤት ግን የህንድ ነጋዴ ቤት ነው የሚባለው። የሸሪፍ ሙዚየም ስንደርስ ለምሳ ተዘግቷል። ጥንታዊ የእጅ ጽሑፎች፣ ሐረር ራሷ ያሳተመቻቸው ሳንቲሞች፣ ጎራዴዎች የተሰበሰቡበት ቦታ ነው፤ ቤቱም የተፈሪ መኮንን (የኋላው አፄ ኃይለ ሥላሴ) ቤት የሚባለው። ለእሱ ብቻ ግማሽ ቀን ይገባዋል። በሩን አይተን ተመለስን።

አሁን በጣም የከነከነኝን ልንገራችሁ። መኪናው ውስጥ እያለን ረዳቱ ከሰው ሁሉ 300 ብር «የሙዚየም»፣ 200 ብር ደግሞ «የቤተክርስቲያንና የመስጊድ መግቢያ» ብሎ ሰበሰበ። ፈረስ መጋላ መድኃኔዓለም ስንደርስ ቅዳሴ ካለቀ ቆይቷል፣ ግቢው ጸጥ ብሏል። እናቴ ደጁን ተሳለመች። እዚያ የነበሩትን አንድ አባት «አባቴ፣ ለመግቢያ የከፈልነው ደርሷችኋል?» ብዬ ጠየቅሁ። ግራ ገብቷቸው አዩኝ። «የኔ ልጅ፣ ለመሳለም ማን ያስከፍላል? ያናገረንም የለም» አሉኝ። ጃሚዕ መስጊድም እንዲሁ፣ እትዬን መግቢያ ብር የጠየቃቸው ሰው የለም። ሙስሊም ያልሆነው ከደጅ ሆኖ ነው የሚያየው፣ ስለዚህ እኛ ውጭ ቆመን ጠበቅናቸው። ሶላታቸውን ሳይጨርሱ ስልካቸው ደጋግሞ ጮኸ፣ «መኪናው ሊሄድ ነው» እየተባለ። ጀጎልን አሠሩ የሚባሉት የኤሚር ኑር መቃብር ቅርብ ነበር፤ አረንጓዴውን ጉልላት ከሩቅ አይተው፣ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አድርገው ተመለሱ። በእግዚአብሔር ቤት ስም ብር ሰብስቦ ኪስ መክተት፣ ከዚያ ደግሞ ሰውን ከሶላት ማስነሳት! ሌላውን ሁሉ ብረሳ ይህን አልረሳም።

ደህና ያየነው አንድ ነገር ቢኖር ፕሮግራሙ ውስጥ ያልነበረው ነው። ወደ መኪናው ስንመለስ እናቴ ደክሟት አንድ በር ደፍ ላይ አረፍ አለች። የቤቱ ባለቤት፣ በዕድሜ የገፉ ሐረሪ እናት፣ ብቅ ብለው «ግቡ፣ ውሃ ጠጡ» አሉን። እውነተኛ የሐረሪ ቤት ነው፣ ጌይ ጋር የሚሉት። ከፍና ዝቅ ያሉ መደቦች፣ በየግድግዳው የተሰቀሉ በቀለም የተሰፉ ስፌቶችና ሳህኖች፣ ወለሉ ቀይ። ለምን ቀይ ሆነ ስንላቸው «የጨለንቆ ደም ማስታወሻ ነው ይላሉ አባቶቻችን» አሉን። መደቦቹንም አሳዩን፣ ማን የት እንደሚቀመጥ፣ እንግዳ የት፣ ሽማግሌ የት። አንድ ሩብ ሰዓት ብቻ ነው የቆየነው። 200 ብር ሰጥተናቸው በስንት ልመና ተቀበሉን።

ከሐረር የወጣነው 9 ሰዓት ላይ ነው። ኩሉቢ ስንደርስ ዓይን ሊይዝ ነው። ሹፌሩ ፍጥነት ሳይቀንስ ሲያልፍ እናቴ ጃንጥላውን ከፍ አድርጋ «ልጄ፣ እዚህ ጋ አውርደኝ» አለችው። «እማማ፣ መሽቷል፣ ከዚህ በላይ አምሽቼ አዋሽን ማለፍ አልፈልግም፣ ሰውም ይቸገራል» አላት። ሹፌሩ ላይ አልፈርድም፣ የሌሊት መንገድ ያስፈራል። ያጠፋው ያዘገየው ነው። እናቴ ምንም አልመለሰችም። ነጠላውን አስተካክላ ጃንጥላውን መልሳ ጠቀለለችውና እስከ አዋሽ በመስኮት ስታይ ቆየች። ጃንጥላው አሁን ቤት ነው፣ ቁም ሳጥኑ ላይ።

ሰኞ ደወልኩ። «ፕሮግራም እንደሁኔታው ሊቀየር ይችላል ብለን ጽፈናል» አሉኝ። የሰጡኝን ወረቀት አወጣሁት፣ እውነትም ከታች በደቃቁ ተጽፏል። ወረቀቱ ግን ቲን ቁጥርም ማኅተምም የለውም፣ ደረሰኝ አይባልም። ከብዙ ክርክር በኋላ የሙዚየሙን 900 ብር ብቻ መለሱ። ለቀረው «ሄዳችሁ መጥታችኋል እኮ» ነው መልሱ።

ሄዳችሁ መጥታችኋል ቢሏችሁ ዝም አትበሉ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል፤ ሸማች ስለሚገዛው አገልግሎት ትክክለኛ መረጃ የማግኘት፣ ለደረሰበት ጉዳትም ካሳ የመጠየቅ መብት አለው። ማስታወቂያውን ስክሪንሾት አንስታችሁ አስቀምጡ፣ እነሱ ሊያጠፉት ይችላሉ። ብር ስትልኩ በድርጅት ስም ወደተከፈተ አካውንት ይሁን፣ ንግድ ፈቃድና ደረሰኝ ጠይቁ፣ የሚያኮርፍ ካለ ተዉት።

ከሁሉ በላይ ግን የቦታ ዝርዝር አይሸውዳችሁ። ዝርዝር መጻፍ ቀላል ነው። ሰዓቱን ጠይቁ። ኩሉቢ ስንት ሰዓት ደርሰን ስንት ሰዓት እንቆያለን? ቅዳሴ ላይ ነው ወይስ ካለቀ በኋላ? ሙዚየሙ በዚያ ሰዓት ክፍት ነው? ዙህር ላይ የሚሰግድ ሰው ስንት ደቂቃ አለው? ኮስተሩ ባይሞላስ በሰዓቱ ይነሳል? ይህን በጽሑፍ የማይመልስ አዘጋጅ ሌላ ሥራ አለው ማለት ነው። ላሊበላንም በዚሁ መንገድ ሲሸጡ አይቻለሁ፣ 11ዱን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በግማሽ ቀን ብለው። እዚያ ቆማችሁ አስቡት፣ የትኛውን ነው ደህና አድርጋችሁ የምታዩት?

ሐረር ደግሞ ያለነሱም ይኬዳል። ከአዳማ በባቡር ድሬዳዋ መድረስ ይቻላል፣ ባቡሩ የሚሄድበትን ቀን ቀድማችሁ አጣሩ፤ ከድሬዳዋ ሐረር በሚኒባስ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ጀጎል ውስጥ በእግር ነው የሚኬደው፣ መኪና አያስፈልጋችሁም። አስጎብኚ የከተማውን ልጅ፣ መታወቂያ ያለውን ያዙ። እኔም እናቴንና እትዬን ይዤ በሚመጣው ወር እንደዚሁ እሄዳለሁ፣ ኩሉቢ ለብቻው አንድ ሙሉ ቀን፣ ሐረር ሁለት ቀን።

በዚያ ኮስተር አብራችሁን የነበራችሁ ደግሞ፣ የከፈላችሁበትን መልእክት እንዳታጠፉት። 200 ብሩን በመስጊድና በቤተክርስቲያን ስም ሲሰበስብ በቪዲዮ የቀረጸች ልጅ ከኋላችን ወንበር ላይ ነበረች፤ ይህን ካነበብሽ እባክሽ ጻፊልኝ። ሐሙስ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ወደ ንግድ ጽሕፈት ቤት እሄዳለሁ፣ የምትችሉ አብራችሁኝ ግቡ።