“ሲስተም የለም” ካልን አራት ወር አለፈን

ይህን የምጽፈው አንድ ሰው ለማመስገን ነው። ስሙን አደባባይ ላይ እንዳላወጣ ለምኖኛል፣ እኔም አከብርለታለሁ። ወጣት የኔትዎርክ ባለሙያ ነው፣ የሚሠራውም እዚሁ ጅማ ነው። ሱቃችሁ፣ ፋርማሲያችሁ ወይም ፔንሲዮናችሁ ውስጥ “ሲስተም የለም” እያላችሁ ሰው የምትመልሱ ከሆነ ትንሽ ታገሱኝና አንብቡት።

እኛ ሂርማታ አካባቢ የሕንፃ መሣሪያ እንሸጣለን። ቆርቆሮ፣ ፌሮ፣ ሚስማር፣ ቀለም፣ ሲሚንቶ። ሱቁ መንገድ ዳር ነው። ከጀርባው ዕቃ የምንደረድርበት ክፍል አለ፣ ከዚያ ኋላ ደግሞ ትንሽ ቢሮ። ትልቁ መጋዘናችን ወደ አዌቱ በኩል ዝቅ ብሎ 300 ሜትር ያህል ይርቃል። ገዢው ሱቅ ይከፍልና ወረቀቱን ይዞ መጋዘን ሄዶ ይጭናል።

የዕቃው መዝገብ ያለው ቢሮ ውስጥ ባለው ኮምፒውተር ላይ ነው። ካሸሯ ደግሞ ባንኮኒው ላይ በራሷ ኮምፒውተር መዝገቡን እየከፈተች ታያለች። ስንት ቆርቆሮ አለ፣ ስንት ወጣ፣ ዋጋው ስንት ገባ። ሁለቱ ኮምፒውተሮች ካልተገናኙ ሽያጭ የለም።

የጅማ ሰው ያውቀዋል። ቡና ሲለቀም ገንዘብ ይገባል፣ ገንዘብ ሲገባ የሣር ቤት ቆርቆሮ ይለብሳል። ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ጥር ከሰቃ፣ ከዴዶ፣ ከማና፣ ከሊሙ ሰው ይጎርፋል። የዓመቱን እንጀራችንን የምንጋግረው በእነዚህ ወራት ነው። ሲስተማችን የሚሞተውም ልክ በእነዚህ ወራት ነበር። ክረምት ላይ ገበያው ሲቀዘቅዝ ደህና ይሠራል። ሰው ሲበዛ ድርግም ይላል። ሁለት ዓመት እንዲህ ሆነ።

እኛም “ተጠቃሚ በዝቶበት ነው” አልን። አንድ ባለሙያ መጥቶ ሁለተኛ ራውተር፣ ማለትም ዋይፋይ የሚያሰራጨውን ሣጥን፣ ሸጠልን። ሌላው “የኢንተርኔቱን ፍጥነት በእጥፍ አሳድጉ” አለን። አሳደግን፣ በየወሩም ከፈልን። ጠብ ያለ ነገር የለም።

ባለፈው ኅዳር ከሊሙ አንድ አባት ሁለት ልጆቻቸውን ይዘው መጡ። አይሱዙ ተከራይተው ነው የመጡት። የቤታቸውን ቆርቆሮ በሙሉ በአንድ ጊዜ ሊጭኑ ነበር። ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ጠበቁን። ካሸሯ ማሽኑን ታጠፋለች፣ ታበራለች። እኔ ይቅርታ እጠይቃለሁ። በመጨረሻ ተነሱና “ልጄ፣ መኪናው የኪራይ ነው” አሉኝ። ደህና ዋሉ ብለው ሄዱ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

የወንድሜ ልጅ ስለዚህ ወጣት የነገረኝ በዚያው ዕለት ማታ ነው።

በማግስቱ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ መጣ። ቦርሳውን አስቀመጠ እንጂ ራውተሩን አልነካም። ወንበር ጠይቆ ባንኮኒው አጠገብ ተቀመጠና ይጠይቅ ጀመር። መቼ ነው የሚጠፋው? ዝናብ ሲዘንብ? መብራት ሄዶ ሲመጣ? ዕቃ ሲገባ? ይህች “ዕቃ ሲገባ” የምትለው ጥያቄ ያኔ ምንም አልመሰለችኝም።

ከዚያ ተነስቶ የኢንተርኔቱን መስመር ነቀለው። ደነገጥኩ።

“እትዬ፣ አሁን ኢንተርኔት የለም። እስቲ ካሸሯ መዝገቡን ትክፈት።”

አልከፈተም። “ኢንተርኔት ስለሌለ ነዋ” አልኩት።

“መዝገቡ ያለው ከዚህ ግድግዳ ኋላ ነው። ከማድ ቤት ወደ ሳሎን ወጥ ለማምጣት የአዲስ አበባ መንገድ መከፈት አለበት እንዴ?”

ይህን ሁላችሁም ብታውቁት ደስ ይለኛል፣ እኔ ሁለት ዓመት ሳላውቀው ከስሬበታለሁና። ኔትዎርክ ማለት በቤታችሁ ያሉት ኮምፒውተሮች፣ ፕሪንተሮችና ስልኮች እርስ በርስ የሚነጋገሩበት መንገድ ነው። ኢንተርኔት ከግቢ ውጭ ያለው ትልቁ መንገድ ነው። ትልቁ መንገድ ቢዘጋ የግቢው አይዘጋም። ለቴሌብርና ለባንክ ክፍያ ኢንተርኔቱ ያስፈልገናል። የራሳችንን መዝገብ ለማየትና ለማተም ግን አያስፈልገንም። እኔ ስከፍል የኖርኩት ለትልቁ መንገድ ነው። የተበላሸው የግቢው ነበር።

ቀጥሎ ስልኩን አውጥቶ የዋይፋዩን ጉልበት እየለካ መሄድ ጀመረ። ባንኮኒው ጋ ጥሩ ነው። ዕቃ ክፍሉ በር ጋ ወረደ። ቢሮ ስንደርስ የለም ማለት ይቻላል። ቆም አለና ዕቃ ክፍሉን ዞሮ አየው። ቆርቆሮ ከመሬት እስከ ጣሪያ ተደርድሯል።

“ይሄ መቼ ገባ?”

“ከትናንት በስቲያ ማታ።”

ፈገግ አለ። ዋይፋይ የሬዲዮ ሞገድ ነው። እንጨት ትንሽ ያዳክመዋል፣ ግንብ የበለጠ ያዳክመዋል፣ ብረት ግን መልሶ ያንጸባርቀዋል። ስስ ቆርቆሮ እንኳ ይበቃዋል። እኛ ራውተሩን ሱቅ፣ መዝገቡን ቢሮ፣ መሀላቸው ላይ ደግሞ የቆርቆሮ ግድግዳ አቁመናል። የቡናው ገበያ ሲደርስ ክፍሉን እንሞላዋለን፣ ዋይፋዩ ይሞታል። ቆርቆሮው ሲሸጥ ይመለሳል። ክረምት ላይ ክፍሉ ባዶ ስለሆነ ሁሉም ሰላም ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ የጋረደን የራሳችን ዕቃ ነው። እኚያን የሊሙ አባት የመለሳቸውም ሊገዙት የመጡት ቆርቆሮ ነው። ይህን ስሰማ እንባዬ መጣ፣ አልደብቅም።

መፍትሔው ገመድ ነበር። “ቆሞ የሚሠራ ዕቃ በገመድ፣ ይዘውት የሚዞሩት በዋይፋይ” ይላል። መዝገቡ ያለበት ኮምፒውተር ፈጽሞ በዋይፋይ ላይ መንጠልጠል እንደሌለበት ነገረኝ። የኔትዎርክ ገመድ እስከ 100 ሜትር ድረስ ያስኬዳል፣ የኛ 25 እንኳ አልሞላም። ገመዱን ስንገዛ አብሬው ሄድኩ። ጫፉን ልጦ ውስጡን አሳየኝ። 8 ቀጫጭን ሽቦዎች ናቸው፣ ሁለት ሁለት እየሆኑ የተጠማዘዙ። መጠማዘዛቸው አንዱ የሌላውን ጩኸት እንዳይሰማ ነው። ከዚያ አንዱን ሽቦ በቢላ ፋቀው። ከላይ መዳብ፣ ከውስጥ ነጭ አሉሚኒየም ሆኖ ተገኘ። “ሙሉ መዳብ አይደለም፣ ይሄ ይቅር” አለና ሌላ ሱቅ ገባን። እኔም ዕቃ ነጋዴ ነኝ። ሰው እንዳይታለል የሚጠነቀቅ ባለሙያ ሳይ የት እንደምቆም አውቃለሁ።

ሁለተኛው ራውተርም ሌላ ጣጣ ኖሮታል። እያንዳንዱ ኮምፒውተር ኔትዎርክ ውስጥ ሲገባ የራሱ አድራሻ ይሰጠዋል። የሚያድለው ራውተሩ ነው። የኛ ሁለቱም ራውተሮች ያድሉ ነበር። ሁለት ቀበሌ ለአንድ ሰፈር የቤት ቁጥር ሲሰጥ አስቡት። ፕሪንተሩ አንዳንድ ቀን የሚጠፋብን ለዚህ ነው። አዳዩ አንድ ብቻ እንዲሆን አደረገ፣ ለፕሪንተሩም የማይቀየር አድራሻ ሰጠው። ትርፉን ራውተር አልጣለውም፣ ለደንበኞች ዋይፋይ ማዳረሻ አደረገው። ስሙ የተለየ፣ ፓስወርዱ የተለየ፣ ከመዝገባችን ጋር የማይገናኝ። የድሮውን ፓስወርድ ሰፈሩ በሙሉ ያውቀው ነበር።

ከዚያ ያልጠበቅኩትን ነገር አለኝ። “የኢንተርኔቱን ፍጥነት ወደ ቀድሞው መልሱት፣ ይሄ ሁሉ አያስፈልጋችሁም። ብሩን ለዩፒኤስ፣ መብራት ሲሄድ ለሚይዘው ባትሪ፣ አድርጉት።” መለስነው። አሁን መብራት ሲሄድ ራውተሩና የመዝገቡ ኮምፒውተር አይጠፉም፣ ጀነሬተሩ እስኪነሳ የተጀመረው ሽያጭ ያልቃል።

ስለ መጋዘኑ ደግሞ ላውራ፣ እኔን በጣም ያስደሰተኝ እሱ ነው። የመጋዘን ኃላፊያችን ትልቅ ሰው ናቸው፣ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ወረቀት በመጣ ቁጥር ይደውላሉ። “ይሄ ሰው ከፍሏል? 20 ነው ወይስ 26?” ስልኩ ካልሠራ አንድ ልጅ በዝናብ እየሮጠ ይመላለሳል። 300 ሜትር በዚያ ገመድ አይዘረጋም፣ መንገድም አለ መሀል ላይ።

ሁለት ትንንሽ አንቴናዎች አመጣ። አንዱን የሱቁ ጣሪያ ላይ፣ ሌላውን መጋዘኑ ላይ ሰቀለ፣ ፊት ለፊት እንዲተያዩ። ዋይፋይ በየአቅጣጫው ይበተናል፣ እነዚህ ግን ጉልበታቸውን በአንድ አቅጣጫ እንደ ባትሪ መብራት ይልካሉ። ችግሩ የጎረቤታችን አቮካዶ ዛፍ ነበር። ጫፉ በመስመሩ ሥር በኩል ገባ ብሏል። እኔ አሻግሬ ስመለከት መጋዘኑ ይታየኛል፣ “ምን ችግር አለው?” አልኩ። ለካ ለዓይን መታየቱ ብቻ አይበቃም። ሞገዱ ሲሄድ መሀል ላይ ሰፋ ይላል። በ300 ሜትር ርቀት መሀሉ ላይ በዙሪያው 2 ሜትር ያህል ነፃ ቦታ ይፈልጋል። እርጥብ ቅጠል ደግሞ ሞገዱን ይመጠዋል።

“ጎረቤቴን ልለምናትና ቅርንጫፉን ትቁረጠው” አልኩ።

“እትዬ፣ በየዓመቱ ያድጋል። ከዛፍ ጋር አንጣላ” አለና የአንቴናውን ምሰሶ በ3 ሜትር ከፍ አደረገው። ጅማ መብረቅ የማያጣት ከተማ ስለሆነች ምሰሶውንም በሽቦ ከመሬት ጋር አያያዘው።

አሁን ካሸሯ ደረሰኝ ስትቆርጥ ጋሼ መጋዘን ሆነው በስክሪን ያዩታል። ገዢው እዚያ ሲደርስ ዕቃው ተቆጥሮ ይጠብቀዋል። የመጀመሪያው ቀን ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ስክሪኑን ለረጅም ጊዜ አዩና “ገላቶሚ” አሉት። ከጋሼ አፍ ምስጋና በቀላሉ አይወጣም፣ የሚያውቃቸው ያውቃል።

መጋቢት ገብቶ የመጀመሪያው ኃይለኛ ዝናብ የጣለ ቀን ማን በር ላይ ቆሞ ባይ ጥሩ ነው? እሱ ነው፣ ጥላ ይዞ። ማንም አልጠራውም። “በደረቅ ቀን ብቻ የተፈተነ ሥራ ጅማ ላይ አልተፈተነም” አለኝ። አንቴናዎቹን እያየ ለካ፣ አንዱን በጣም ትንሽ አዞረ፣ ሻይ ጠጥቶ ሄደ። አላስከፈለኝም።

አንድ ነገር ልጨምር። ሥራውን ሲጨርስ እያንዳንዱ ገመድ ጫፍና ጫፍ ላይ ቁጥር ለጠፈ። የቤቱን ኔትዎርክ በእጁ ወረቀት ላይ ስሎ ቢሮው ግድግዳ ላይ ሰቀለው። ፓስወርዶቹን ፖስታ ውስጥ አሽጎ ሰጠኝ። “እኔ ባልገኝ ሌላ ባለሙያ ይህን አይቶ ይቀጥላል” አለ። ጥቅሙን ጥር ላይ አየሁት። አንድ ቀን ጠዋት፣ ሱቅ ሳንከፍት፣ ሁሉም ነገር ቆመ። ደወልኩለት። አጋሮ ነበር። “ካሸሯ ስዊቹ ላይ ቁጥር የሌለው ገመድ ትፈልግ” አለኝ። ስዊች ገመዶቹ ሁሉ የሚሰኩበት ሣጥን ነው። አገኘች። የምታጸዳልን ልጅ ባንኮኒው ሥር የተንጠለጠለ ገመድ አይታ፣ ወልቆ መስሏት፣ ሁለቱንም ጫፍ እዚያው ስዊች ላይ ሰክታዋለች። እንዲህ ሲሆን ለሁሉም የተላከ መልእክት መውጫ አጥቶ ሲዞርና ሲባዛ ኔትዎርኩን ያጨናንቀዋል። ነቀልነው፣ ወዲያው ተመለሰ። “ልጅቷን እንዳትቆጧት፣ ደግ አስባ ነው” አለኝ ስልኩን ሳይዘጋ።

ለሚፈልጉት ሁሉ እንዲህ እላለሁ። ዋጋው ከሁሉም የረከሰ አይደለም፣ ግን ሥራ ከመጀመሩ በፊት ዕቃውንና የእጁን ለይቶ ይጽፍላችኋል። ሥራ ስለሚበዛበት አንድ ሳምንት ሊያስጠብቃችሁ ይችላል። አርብ ከጁምዓ ሰላት በፊት አትደውሉለት። ስትጠሩት ደግሞ ቶሎ ብሎ ዕቃ እንዲቀይር አትጠብቁ፣ መጀመሪያ ተቀምጦ ይጠይቃችኋል። መልሱለት። ሲስተማችሁ የሚጠፋበትን ቀንና ሰዓት፣ በዚያ ቀን ሱቁ ውስጥ የተለወጠውን ነገር ሁሉ ቀድማችሁ ጽፋችሁ ብትይዙለት ሥራው ይቀልለታል።

እኚያን የሊሙ አባት ስልካቸውን ፈልገን አገኘነው። ጥር ላይ ለኩሽናቸው የሚሆን ቆርቆሮ ከኛ ወሰዱ። ከፍለው ጭነው ሲወጡ ሻያቸው እንኳ አልቀዘቀዘም ነበር።

የባለሙያውን ስልክ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ለመስጠት ፈቅዶልኛል።