የርቀት፣ የፍጥነትና የጊዜ ጥያቄዎችን በግራፍ የሚያስተምር የመልመጃ መጽሐፍ

ልጄን ለማስጠናት የገዛሁት ይህ የመልመጃ መጽሐፍ የርቀት፣ የፍጥነትና የጊዜ ጥያቄዎችን ከቀመር በፊት በግራፍ መፍታትን ያስቀድማል፤ ምርጫው ትክክል ይመስለኛል። ከሁሉ የወደድኩት የሁለት ብስክሌተኞችን ጥያቄ ነው፦ አንደኛው በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር ይጓዛል፤ ሁለተኛው ከ30 ደቂቃ በኋላ ከዚያው ቦታ ተነስቶ በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር ይከተለዋል። የሁለቱ ጉዞ በአንድ ግራፍ ላይ ሲሰመር፣ የፈጣኑ መስመር ይበልጥ ሽቅብ ይወጣና አንደኛው ከተነሳ ከ90 ደቂቃ በኋላ፣ 18ኛው ኪሎ ሜትር ላይ የቀዳሚውን መስመር ያቋርጠዋል። ልጄ መልሱን ያገኘው አንድም እኩልታ ሳይጽፍ፣ መስመሮቹን በጣቱ እየተከተለ ነው። በርቀትና ጊዜ ግራፍ ላይ አግድም መስመር ተጓዡ መቆሙን እንጂ በሜዳ ላይ መሄዱን እንደማያሳይ የሚያብራራው ገጽም (እኔም በተማሪነቴ የተሳሳትኩበት ነው) በጥንቃቄ ተጽፏል።

የፍጥነትና ጊዜ ግራፍ ክፍል ግን ጥድፊያ ይታይበታል፤ ከመስመሩ በታች ያለው ስፋት ርቀትን እንደሚሰጥ ይናገራል እንጂ ምክንያቱን አያሳይም። በአንድ መልመጃ ላይ ደግሞ ፍጥነቱ በሰዓት ተሰጥቶ ሳለ አግድሙ ዘንግ በደቂቃ ስለተከፈለ፣ ልጄ ለ60 ማካፈሉን ዘንግቶ ተሳስቷል። የግራፎቹ ካሬዎች እጅግ ትንንሽ ስለሆኑም የካሬ ወረቀት ለብቻ ማዘጋጀት ያስፈልጋል።