ዚፕ ያለው የፍራሽ ከቨር፦ ስምንት ወር ተኝቼበት

ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ የመጀመሪያ ሥራዬ ማስነጠስ ነበር። ስምንቴ፣ ዘጠኜ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። ባለቤቴ «ደወሉ ጮኸ» ብሎ ይነሣል። ረፋድ ላይ ምንም እንዳልነበረ ይተወኛል። ጉንፋን ነው እያልኩ ሁለት ዓመት ከረምኩ። በኋላ ክንዴ ላይ የአለርጂ ምርመራ ሲሠራልኝ፣ በ15 ደቂቃ ውስጥ አንዷ ነጥብ ትንኝ የነከሳት መስላ አበጠች። የደስት ማይት ነጥብ ነበረች።

ደስት ማይት ከሸረሪት ወገን ነው፤ ርዝመቱ የአንድ ሚሊሜትር ሲሶ ገደማ ነው። አይነክስም። ከገላችን የሚረግፈውን ቆዳ ይበላል፣ ውሃውን ከአየሩ እርጥበት ይስባል። ፍራሽና ትራስ ለሱ ቤትም ጓዳም ናቸው ማለት ነው። በዋናነት የሚያስነጥሰን ደግሞ ኩሱ ነው። ይቅርታ፣ እውነቱ ግን ይሄው ነው።

እኔ ሞኟ መጀመሪያ የገዛሁት አየር ማጣሪያ ነው። ዕቃው መጥፎ አይደለም፤ የድመት አለርጂ ላለበት ሰው ይረዳል፣ የድመቷ ብናኝ አየር ላይ ረጅም ሰዓት ይንሳፈፋላ። የማይት ኩስ ግን ከበድ ይላል። አልጋ ሲነጠፍ ቦነን ብሎ ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ ይወርዳል። ማሽኑ ጥግ ላይ ሲያጉረመርም እኔ ፊቴን ትራሱ ውስጥ ቀብሬ እተኛለሁ።

ወደ ከቨሩ ልምጣ። ፍራሹን በስድስቱም ጎን እንደ ከረጢት ይውጠዋል። ከላይ ብቻ የሚለብሰው ዓይነት አይረባም። ስትገዙ የጨርቁን ቀዳዳ ስፋት ጠይቁ፤ ማይቱም ኩሱም እንዳያልፉ ከ10 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር ሺኛ ነው) ማነስ አለበት። የኔ 6 ይላል። ከሱ በፊት የፕላስቲክ ሞክሬ ነበር፤ በተገላበጥኩ ቁጥር ይንኮሻኮሻል፣ ጀርባዬም ላብ በላብ ይሆናል። ይሄኛው ጠበቅ ተደርጎ የተሸመነ ጨርቅ ስለሆነ ድምፅም ሙቀትም የለውም።

ማልበሱ ግን ለብቻ የሚሞከር አይደለም። አንዱ ፍራሹን ያቆማል፣ አንዱ ይጎትታል፣ ሁለቱም ይነጫነጫሉ። ዚፑ ጫፍ ላይ ሲደርስ ጣት የምታስገባ ክፍተት ይተዋል፤ እኔ በፕላስተር አሸግኩት። ለዚህ ዋጋ ፕላስተር መለጠፍ ያናድዳል። አብሮ የመጣው የትራስ ከቨር ደግሞ በአምስተኛው ወር ስፌቱ ተተረተረ። ለሻጩ ብጽፍለት «ዋስትናው ለዚፑ እንጂ ለስፌቱ አይደለም» አለኝ።

ሠርቷል ወይ? ሠርቷል። በአራተኛው ሳምንት ማስነጠሴ ወደ ሁለትና ሦስት ወረደ። ከቨሩ ብቻውን ነው ብል ግን እዋሻለሁ። አንሶላና የትራስ ልብስ በየሳምንቱ በ60 ዲግሪ ውሃ አጥባለሁ፤ ቀዝቃዛ ውሃ ማይቱን አይገድለውም። አንድ ወር ሥራ በዝቶብኝ እጥበቱን ስተው ደወሉ ተመልሶ ጮኸ። የመኝታ ቤቱን ምንጣፍ አነሣሁ። ትንሽ የእርጥበት መለኪያ ገዝቼ ከ50 በመቶ እንዳያልፍ መስኮት እከፍታለሁ፣ የታጠበ ልብስም እዚያ ክፍል አላሰጣም።

የልጄ የጨርቅ ጥንቸል ሙቅ ውሃ አትችልም። በላስቲክ ጠቅልዬ አንድ ቀን ሙሉ ፍሪዘር ውስጥ አስተኛኋት። ልጄ በየሰዓቱ ከፍታ «በረዳት?» ትለኛለች። ከፍሪዘር ስትወጣም መታጠብ አለባት፤ ቅዝቃዜው ማይቱን ይገድላል እንጂ ኩሱን አያነሣም።

ለፍራሹ ከቨር ከአምስት አራት እሰጠዋለሁ፤ አንዷን ዚፑ በልቷታል። የትራሱን ከሌላ ሻጭ ገዛሁ። ገንዘቡን ከመክፈሌ በፊት ስፌቱን በሁለት እጄ ወጥሬ አየሁት። ሻጩ ገላመጠኝ፣ እኔም ደግሜ ወጠርኩት።